ከአውሮፕላኑ ሥር የቆመው ሰው

ፀሐይወርቅ በወንድሟ በደሞዝ ላይ የያዘችው ቅሬታ ዘንድሮ ሃያ አራት ዓመት ሆነው። የተጀመረው በገዛ ሠርጉ ቀን ነው። ደሞዝ ማይክራፎኑን ከዘፋኙ ተቀብሎ የሁለቱን ወገን ዘመድ ሲያስተዋውቅ፣ አባታቸው ጋ ሲደርስ፣ «አባቴ ሻምበል አካሉ፤ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ የነበሩ» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። አካሉ ሻምበል ሆኖ አያውቅም፤ ሃምሳ አለቃ ነበር። አብራሪም አልነበረም፤ ጥይት ጫኝ ነበር። ድሬዳዋ ላይ አውሮፕላኑ አርፎ ሞተሩ ሳይበርድ ከአፍንጫው ሥር ይገባና፣ ተኩሶ በጨረሰው ጥይት ምትክ አዲስ አጉርሶ የሚልክ ሰው ነበር። ልጁ በአንድ ትንፋሽ ማዕረጉንም ሥራውንም ቀየረለት። ሽማግሌው ሲጨበጨብለት ቀና አላለም፤ ሳህኑ ላይ የቀረችውን አጥንት ከወዲያ ወዲህ ሲያንከባልል ቆየ። ወደ ቤት ሲመለሱ ፀሐይወርቅ በንዴት ስትንጨረጨር፣ «ተይው ልጄ፣ ዛሬ ቀኑ የሱ ነው» አላት። ተወችው። የደሞዝ ቀን ግን አላልቅ አለ። መሥሪያ ቤት ሲገባ አብራሪ ብሎ አወራ፤ ልጅ ሲወልድ ለልጁ አብራሪ ብሎ ነገረ፤ ከሦስት ዓመት በፊት አካሉ ሲሞት ደግሞ በመቃብሩ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ «ሻምበል አብራሪ አካሉ» ብሎ ጀመረ። ያን ጊዜ ፀሐይወርቅ አልቅሳ አልጨረሰችም ነበርና ዝም አለች።

እሷ ከፊደል ጋር ያላት ዝምድና አራተኛ ክፍል ላይ ተቋርጧል። እናታቸው ስትሞት ደሞዝ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነበርና፣ እሷ ደብተሯን ዘግታ እሱን አዘለች። አሁን አንድ ኮሌጅ ውስጥ በጽዳት ትሠራለች፤ ዘንዘልማ፣ ትናንት የበቆሎ ማሳ የነበረው ሁሉ ብሎኬትና ቆርቆሮ በሆነበት ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ከነማድ ቤቷ አለቻት። ክፍሏ ውስጥ ሁለት አልጋ ተዘርግቷል። አንዱ የአባቷ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ዓመታት እዚያ ላይ አስታማዋለች። ከሞተ በኋላ አልጋውን ሽጪው ያላት ሰው ሞልቷል፤ እሷ ግን ያጠበችውን ልብስ እያጣጠፈች ትደረድርበታለች፤ ሲመሽም ልብሱን አንስታ አንሶላውን ታስተካክላለች። ለምን እንደምታስተካክል የሚጠይቃት ሰው የለም። ስልኳ የሚጮኸው ወይ ከኮሌጁ ለተጨማሪ ሰዓት፣ ወይ ደሞዝ የሚያዘው ነገር ሲኖረው ነው።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት የጮኸውም ደሞዝ ነበር። ሊድያ፣ ልጁ፣ ጎንደሬ ልጅ ልታገባ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የልጁ ወገኖች ለትውውቅ ይመጣሉ። ይህን ፀሐይወርቅ ታውቃለች፤ ልብሷንም ትናንት ተኩሳ አስቀምጣለች። የማታውቀው ሌላ ነገር ነበር።

«እታለም፣ ያ የአባባ ፎቶ አንቺ ጋ ነው አይደል? የድሬዳዋው?»

«እኔ ጋ ነው። ምን ልትሠራበት?»

«የዘይት ቀለም ሥዕል እያሠራሁ ነው፤ ለሳሎኑ። አውሮፕላኑ አልቋል፣ ደርቋልም። የአባባ ፊት ግን አልመጣም። ሦስት ጊዜ አስፍቄዋለሁ። ፎቶውን ይዘሽ ፋሲሎ፣ ሠዓሊው ጋ ሂጂልኝና ፊቱን አሳይው፤ ካንቺ በላይ የሚያውቀው የለም። ሥዕሉ ሲያልቅ በባጃጅ ይዘሽልኝ ነይ።»

«አባባ የት ሆኖ ነው የተሣለው?»

«ወንበሩ ላይ ነዋ። የአብራሪው ወንበር ላይ።»

ፀሐይወርቅ ስልኩን ዘጋችና ከአባቷ አልጋ ጫፍ ተቀመጠች። ፎቶው ከሣጥኑ ሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር። ባታወጣው፣ ጠፋ ብትል፣ ጉዳዩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ደሞዝም ሌላ ፊት ያሥል ነበር። የማንንም ፊት። ይህን ስታስብ ደሟ ፈላ፤ ፎቶውን ከቦርሳዋ ከትታ ወጣች።

ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ ሦስት ሆነው እንዲቀመጡ በተሠራው ወንበር ላይ አራት ሰው ጠቅጥቆ፣ ሒሳብ በአሥር ብር ጨምሯል ብሎ ከተሳፋሪው ጋር ይጨቃጨቃል። እሷ አልተጨቃጨቀችም። ዓባይን በአዲሱ ድልድይ ሲሻገሩ ውኃው ደፍርሶ፣ ዳር ዳሩን እምቦጭ ይዞት ታየ። ከፋሲሎ ወርዳ ወደ ሐይቁ በሚወስደው የኮብልስቶን መንገድ ገባች። ሠዓሊው ፍቅረ ማርያም የሚባሉ፣ ስድሳ ያለፋቸው፣ ዘጌ ገዳማት ውስጥ ያደጉ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳና ለቱሪስት የሚሸጥ ብራና ላይ ነው፤ ቱሪስቱ ከጠፋ ወዲህ የመጣላቸውን ሁሉ ይሥላሉ። ክፍላቸው ጠባብ ናት፤ በአንድ ወገን ያላለቀ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ፣ በሌላው የአንድ ጁስ ቤት ማስታወቂያ ተደግፏል። ከሐይቁ የሚመጣው ብርሃን በመስኮቱ ገብቶ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አውሮፕላኑ ቆሟል።

ፀሐይወርቅ ደጃፉ ላይ ቀረች። ሸራው ቁመቷን የሚያህል ነው። አውሮፕላኑ አረንጓዴና አሸዋ መልክ ተለቅልቆ፣ አፍንጫው እንደ ሾለ እርሳስ ወደ ፊት ወጥቶ፣ ጎማዎቹ መሬት ረግጠው ቆሟል። ኋላው የድሬዳዋ ደረቅ ተራራ፣ ከላዩ ነጭ ሙቀት ያለው ሰማይ። የጎማው ክፍተት፣ የመስታወቱ ማጠፊያ፣ የብረቱ ብሎን ሳይቀር ተቆጥሮ ተሥሏል። ከመስታወቱ ውስጥ ግን አንድ ሰው ከነሙሉ ፊቱ ወደ ተመልካቹ ዞሮ፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖቹን አፍጥጦ፣ ልክ ከመቅደስ በር ላይ እንደሚታይ ጻድቅ ተቀምጧል።

«ወንድምሽ ተናዶብኛል» አሉ ሠዓሊው፣ ከበርጩማቸው ሳይነሱ። «መጀመሪያ አየር ላይ የሚበር ይሁን አለኝ። እኔ ደግሞ የሚበር ነገር የማውቀው መልአክ ብቻ ነው፤ የሰጠኝ የአውሮፕላን ፎቶም የቆመ ነው፣ ስለዚህ አቆምሁት። ይሁን አለ። ቀጥሎ ደግሞ አብራሪው ወደ ፊት ይመልከት ይለኛል። ወደ ፊት ካየ እኮ አንዱ ዓይን ይቀራል! እኛ ዘንድ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ከሱ ጋር ያበረ ነው። የሰው አባት፣ ያውም የሞተ ሰው፣ እንዴት ብዬ በአንድ ዓይን እሥላለሁ?»

ፀሐይወርቅ ሳታስበው ሳቀች። ሳቋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «እና ፊቱን ወደኛ አዙሮ አውሮፕላኑን ማን ሊነዳው ነው?»

«እሱንማ ወንድምሽም ብሎኛል። እግዜር ይነዳዋል አልሁት፤ አልሳቀም።» እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «በይ ፎቶውን አምጪው።»

ፎቶውን ከላስቲኩ አውጥታ ሰጠቻቸው። ሠዓሊው ወደ መስኮቱ ወስደው፣ አራቁት፣ አቀረቡት። አንድ ቀጭን ሰው፣ ዘይት የጠጣ ቱታ ለብሶ፣ ከአውሮፕላን አፍንጫ ሥር ቆሞ ይስቃል። እጆቹ እስከ ክንዱ ጥቁር ናቸው። ፍቅረ ማርያም ብዙ ጊዜ አዩት፤ ከዚያ መለስ ብለው ሸራውን አዩ።

«ይኼ ሰውዬ አብራሪ አይደለም» አሉ።

«አይደለም።»

«የምን ሰው ነው ታዲያ?»

«ጥይት ጫኝ ነበር» አለች። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ለማንም ያላለችውን ቃል ለማታውቀው ሰው ስትናገረው የሚፈርስ ነገር ያለ መስሏት ነበር። ምንም አልፈረሰም። ከውጭ የታንኳ ቀዛፊዎች ይጠራራሉ፤ አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን ነፍቶ አለፈ።

ሠዓሊው ፎቶውን መለሱላት። «እንግዲህ እህቴ፣ ይኼ የናንተ የቤት ጉዳይ ነው። የከፈለኝ ወንድምሽ ነው፤ ያዘዘኝም እሱ ነው። ፊቱን አይቸዋለሁ፤ ወንበሩ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ዓይኑን ብቻ አንድ አድርግ አትበሉኝ።»

ፀሐይወርቅ ከሸራው ፊት ቆመች። ያን ጊዜ ያሰበችው ስለ እውነት አልነበረም። ያሰበችው ስለ ደሞዝ በር ነበር። ፋሲካ ሲሆን የምታንኳኳው፣ ዘመን ሲለወጥ የምትገባበት ሌላ በር የላትም። ሊድያ ብትወልድ ልጁን ታቅፈው ዘንድ የሚጠራት ያ ቤት ብቻ ነው። ብትታመም ሐኪም ቤት የሚወስዳት፣ አባቷ ሲታመምም መድኃኒቱን ሳይሰስት የገዛው፣ ያው ደሞዝ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን አካሉ ባሕር ዳር መጥቶ የመጋዘን ዘበኛ ሆነ፤ ያን ጊዜ ደሞዝ ሰባተኛ ክፍል ነበር። ልጆቹ «የዘበኛ ልጅ» እያሉ ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ሲሸኙት፣ ዱላ ይዛ ያባረረቻቸው እሷ ናት። ውሸቱ ከየት እንደበቀለ ታውቃለች። ግን ደግሞ አሁን ከፊቷ ያለው ሰውዬ፣ ወንበሩ ላይ የተሰካው፣ እጆቹ የማይታዩት፣ ማን እንደሆነ አላወቀችውም። ዛሬ ይህ ሥዕል ይሰቀላል። ሥዕል ደግሞ እንደ ወሬ አይደለም፤ ሊድያ ትወርሰዋለች፣ የሊድያ ልጆች ይወርሱታል። እሷ ስትሞት ያ ከፎቶው ላይ የሚስቀው ሰው በምድር ላይ የሚያውቀው አንድ ሰው እንኳ አይኖረውም።

ከጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አነሳች። ሠዓሊው ብሩሻቸውን የሚያጥቡበት አኳራጅ በቆርቆሮ ተቀምጧል፤ ጨርቁን ከዚያ ነክራ፣ በኮሌጁ መስኮት ላይ የተጣበቀ ወረቀት እንደምታስለቅቅ፣ አንድ ጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ የአብራሪውን ፊት ጠረገችው። ሁለቱም ዓይኖች ሄዱ።

«ኧረ በእመቤታችን!» ፍቅረ ማርያም ከበርጩማቸው ተስፈንጥረው ተነሱ። «ምን አይነት ሴት ነሽ? የሰው ሥራ እኮ ነው!»

«ይቅር ይበሉኝ። ወንድሜ ፊቱን አሳይው ብሎኛል፤ የቆመበትን ጭምር ላሳይዎት ነው። እዚህ ነው የቆመው።» ጣቷን ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ሥር፣ ባዶው መሬት ላይ አስቀመጠች።

ሰውየው ተቆጡ፣ ወጡ፣ ደጃፉ ላይ ቆመው ሐይቁን አዩ። ሲመለሱ ቁጣቸው ግማሽ ሆኗል። ከሸራው ፊት ሄደው የጠረገችውን ቦታ በጣታቸው ነኩ። «ሥር ሥሩ ደኅና ነው» አሉ፣ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ከወንድምሽ ጋር አንቺ ትነጋገሪያለሽ። ነገር ግን አንድ ነገር አለ። ፎቶው ላይ ቆሞ ከመሳቅ በቀር የሚሠራው የለም። እዚህ ቆሞ ቢስቅ እንግዳ ይመስላል። አሠራሩን ከየት ላምጣው? እኔ ጥይት ሲጫን አላየሁ።»

«እኔ አይቻለሁ» አለች ፀሐይወርቅ።

እውነትም አይታለች፤ የድሬዳዋውን ግን አይደለም፣ ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ሆና ደብረ ዘይት ነበረች። ያየችው ዘንዘልማ ነው። አካሉ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ነገር ይረሳ ጀመር። ስሟን ረሳ፣ ደሞዝን ረሳ፣ ምግብ መብላቱን ረሳ። ሥራውን ግን አልረሳም። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በረድ ሲል ይነሳና የልብስ ማስጫውን ገመድ ከችካሉ ይፈታል። ከአቮካዶዋ ዛፍ ሥር ይገባና አንዱን ጫፍ በትከሻው አስተኝቶ፣ በሁለት እጁ እያሾለከ፣ ወደ ላይ ወደ ቅጠሉ ውስጥ ይልከዋል። «ክንዱ! ያዝ እንጂ! እንዳይጠማዘዝ!» ይላል። ክንዱ አብሮት ይጭን የነበረ ጓደኛው ነው፤ የጥይቱ ሰንሰለት ለአንድ ሰው አይሆንም፣ አንዱ ሲያጎርስ አንዱ ከኋላ ቆሞ ሳይጠማዘዝ ማቀበል አለበት። ክንዱ አልነበረም። ስለዚህ ፀሐይወርቅ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትመጣና የገመዱን ሌላኛ ጫፍ ትይዝ ነበር። ጎረቤት በአጥር ቀዳዳ እያየ ሁለቱም አበዱ ይል ነበር። መጀመሪያ ዝም ብላ ትይዘው ነበር፤ ኋላ ግን እንዴት እንደሚያዝ ለመደች። ሲያልቅ አካሉ ግንዱን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርግና «ሂድ» ይላል። ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ ሰማዩን ይጠብቃል። አውሮፕላኑ እስኪመለስ መሆኑ ነው። አንዳንድ ቀን እስኪመሽ ይጠብቅ ነበር።

ይህን ሁሉ ለሠዓሊው አልነገረቻቸውም። «ገመድ አለዎት? አንዱ ሲያጎርስ አንዱ ያቀብላል» ብቻ ነው ያለችው። ሸራ የሚያስሩበት ገመድ ሰጧት። ጫማዋን አውልቃ ከመስኮቱ ብርሃን ገባች፤ ገመዱን በትከሻዋ አሳልፋ፣ ጉልበቷን ሰበር አድርጋ፣ ፊቷን ቀና አድርጋ፣ እጆቿን ወደ ላይ ሰደደች። ፍቅረ ማርያም አዩዋት። ከዚያ ብሩሻቸውን አነሱ።

እንዲያ ሆና ሁለት ሰዓት ያህል ቆመች። ትከሻዋ ዛለ፣ ክንዷ ደነዘዘ። እጅሽን አውርጂ፣ እረፊ ሲሏት «ይጨርሱ» ትላለች። አባቷን በሷ አቋቋም ቀረጹት፤ ፊቱን ከፎቶው አመጡት። ከዚያ ደግሞ «የሚያቀብለውስ?» አሉ፤ ዞራ የክንዱን ቦታ ያዘች። ለክንዱ ፎቶ ስላልነበረ ጀርባውን ብቻ ሣሉት። ከላይ መስታወቱን ሰማይ ሞሉት፤ ነጭ ብርሃን አርፎበት ውስጡ ያለው አብራሪ እንደ ጥላ ብቻ ይታያል። «ፊት የሌለው በአንድም በሁለትም ዓይን አይቆጠርበትም» አሉ ሠዓሊው፣ በዚህ መላ ሳይደሰቱ አልቀሩም። አካሉን ግን እጁ ሥራው ላይ ቢሆንም ፊቱን አዙረው ወደ ሰው አመጡት፤ ሁለት ዓይን፣ የጠቆረ ክንድ፣ ከከንፈሩ ዳር ሳቅ። ፀሐይወርቅ ማመስገን ፈልጋ ገመዱን በጥንቃቄ ጠቅልላ መለሰችላቸው።

«አዲሱ ቀለም ገና ጥሬ ነው፤ የተልባ ዘይት አለበት። ወር ሳይሞላው እንዳትነኩት» አሏት፣ ሸራውን ለሁለት ተሸክመው ሲያወጡ።

የባጃጁ ሾፌር ሸራውን ሲያይ ሁለት መቶ ብር ጠየቃት። ከኋላ ተቀምጣ ሸራውን በሁለት እጇ ወደ ውጭ አዘንብላ ያዘች። ሾፌሩ በመስታወቱ አንገቱን እየሰበረ ያያል። «እናቴ፣ ባታሳይው ይሻላል» አላት። «ሰዉ በዚህ ዘመን የዚህን ነገር ድምፁን ሲሰማ ነው የሚደነግጠው፤ አንቺ ጭራሽ በከተማ ይዘሽው ትዞሪያለሽ!» በዘንባባዎቹ ሥር ሲያልፉ እውነትም አንዲት ሴት ልጇን ወደ ቀሚሷ ሳብ ስታደርግ አየች።

የደሞዝ ቤት የእምነ በረድ ደረጃ ያለው፣ ሳሎኑ በሁለት ስብስብ ሶፋ የሞላ ቤት ነው። ሚስቱ ምሥጋና በወጥ ቤት ከሦስት ሴቶች ጋር ትራወጣለች፤ ሊድያ ፀጉሯን ልትሠራ ወጥታለች። እንግዶቹ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ቀርቷቸዋል። ደሞዝ ሸራውን ተቀብሎ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ ክራባቱን እያጠበቀ ቀና አለ። እጁ ክራባቱ ላይ ቀረ።

«ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«ፊቱን አሳይው አልኸኝ፤ አሳየሁት።»

«ከላይ ያለው ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አብራሪው ነዋ።»

ደሞዝ ወደ ሥዕሉ ቀረበ። አባቱን ለረጅም ጊዜ አየው፤ ፀሐይወርቅ አንድ ነገር የሚል መስሏት ጠበቀች። ጣቱን ጀርባውን ወደ ሰጠው ሰው ጠቆመ። «ይኼኛውስ?»

«ክንዱ ነው። አብሮት የሚጭን።»

«ትከሻው ያንቺ ነው።»

«የሚቆምለት ሌላ ሰው አልነበረማ።»

ይህ እንደ በትር አረፈበት። ዞር ብሎ በሩን ዘጋ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እታለም፣ ማንን ጎዳሁ? ንገሪኝ። ከፍ አደረግሁት እንጂ ዝቅ አላደረግሁትም።»

«ከፍ አድርገህ አድርገህ ማን ያየዋል?»

«እሺ። ይሁን። አሁን አውርጄ ግድግዳውን ባዶ አላደርገውም፤ ለሰዎቹ ሥዕል አለ ብያለሁ። እኔ እናገራለሁ። አንቺ ዝም በይልኝ፤ የልጅቷ ቀን ነው። እባክሽ።» ድሮ ለትምህርት ቤት ቅባት ቅቢኝ ሲላት እንደሚለምናት አድርጎ ነው የለመናት። ፀሐይወርቅ ወደ ወጥ ቤት ሄዳ ሳህን ማጠብ ጀመረች።

እንግዶቹ ስምንት ሆነው መጡ። ሙሽራው ባምላክ ፈራ ተባ ይላል፤ አያቱ አቶ ገድሉ፣ በወጣትነታቸው አስተማሪ የነበሩ፣ ነጭ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ፣ ምርቃቱን መርቀው ሊድያን ግንባሯን ሳሟት። ስለ ጎንደር መንገድ፣ ስለ ኬላ ፍተሻ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ተወራ። ማታ ባጃጅ መሥራት ሳያቆም በጊዜ ወደ ማደሪያችን እንመለስ ተባለና ምግቡ ቶሎ ቀረበ። ፀሐይወርቅ በሩ አጠገብ ባለችው የላስቲክ ወንበር ላይ ሳህኗን በጉልበቷ ይዛ ተቀመጠች። አጠገቧ ያለው ወንበር የእንግዶቹ ካፖርት ተቆልሎበታል። ማንም አላስተዋወቃትም፤ ደሞዝ ሊያስተዋውቃት አፉን ሲከፍት ሁለት ጊዜ ሌላ ነገር ገባበት፤ ወይም ያስገባው እሱ ነው።

አቶ ገድሉ ሁለት ጊዜ ከጎረሱ በኋላ መነጽራቸውን አወጡና ወደ ግድግዳው ተነሱ። «ታዲያ ይኼ ነው አሉ ሥዕሉ! ባምላክ ነግሮኛል። የልጃችን አያት የትኛው ናቸው?»

«ከላይ ያሉት ናቸው፣ ጋሼ» አለ ደሞዝ። «መስታወቱ ውስጥ።»

«ፊታቸው አይታይም እኮ።»

«ፀሐዩ ነው፤ መስታወቱ ላይ አርፎበት።»

«ይገርማል! የታቹ ሰውዬ ግን እንዴት ጥርት ብሎ ተሥሏል።» ሽማግሌው ወደ ሸራው ጎንበስ አሉ፤ ከዚያ ዞረው ደሞዝን አዩት፤ እንደገና ሸራውን አዩ። «እንዲያውም እወቁልኝ፣ ይኼ ሰውዬ ቁርጥ አንተን ይመስላል!»

ቤቱ ሳቀ። ደሞዝም ሳቀ፤ ከሁሉም በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሳቀ። «ሠዓሊው እኔን ሲያይ ውሎ ይሆናላ! መቼም እነዚህ የጉልበት ሠራተኞች ናቸው፤ እንዲሁ ለማሟያ የገቡ ናቸው» አለ።

ፀሐይወርቅ ሳህኗን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ተነሳች። ምን እንደምትል አላሰበችም፤ ስትራመድ ሰዉ እግሩን እየሰበሰበ አሳለፋት። ከሥዕሉ ሥር ስትደርስ ሸራው ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ እጇን ወደ ላይ መዘርጋት ነበረባት።

«ጋሼ፣ ልጁ እሱን ቢመስል አይፍረዱበት» አለች። «አባቱ ነው። አባታችን ነው። ሃምሳ አለቃ አካሉ ይባላል። አብራሪ አልነበረም፤ በሕይወቱ አንድ ቀን አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ አልበረረም። ጥይት ጫኝ ነበር። ከጦርነቱም በኋላ እዚሁ ባሕር ዳር የመጋዘን ዘበኛ ነበር። እኔ የደሞዝ እህት ነኝ፤ ፀሐይወርቅ እባላለሁ። ሳስታምመው ኖሬያለሁ፤ የማውቀውን ነው የምናገረው።»

ባምላክ ሊድያን አየ፤ ሊድያ አባቷን አየች፤ ደሞዝ በሁለት እጁ የያዘውን የለስላሳ ጠርሙስ ያነብብ ጀመር። አቶ ገድሉ «እህ» አሉ፤ መነጽራቸውን አጥፈው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ከእንግዶቹ አንዷ ሴት ጉሮሮዋን ጠርጋ ስለ መንገዱ አንድ ነገር ልትል ጀመረችና መሃል ላይ ተወችው። ምሥጋና ከበሩ ብቅ ብላ «ወጥ ይጨመር?» አለችና ተመለሰች።

ፀሐይወርቅ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ስትቀመጥ ነው የቀኝ እጇን ጣቶች ያየችው፤ አካሉን ስታሳይ ነክታዋለች፤ ሁለቱ ጣቶቿ እስከ አንጓቸው ጠቁረዋል። የዘይት ቀለም ነው፤ በውኃ አይለቅም። ቢለቅም ለመታጠብ መነሳት አለባት፤ ከተነሳች ትወጣለች፤ ከወጣች ደግሞ ወጣች ይባላል፣ ነገሩም በዚያው ይዘጋል። ማንም ተነሺ አላላትም፤ ማንም ወደሷ አላየም። ሳህኑን በጉልበቷ ላይ አደላደለች፤ የጠቆረውን እጇን ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ፣ በወንበሩ የክንድ መደገፊያ ላይ አስቀመጠችው፤ እንጀራውን ቆርሳ፣ ሙሽራና ሽማግሌ ባለበት፣ በግራ እጇ ትጎርስ ጀመር።